ረቡዕ ገበያ ሳይደርሱ ያለው ዳገት

ቮልሴ ሁልጊዜ የምትጠፋው አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ ስትወጡ መንገዱ ፊቱን ወደ ጮቄ ተራራ ያዞራል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ይሄድና የገብስና የድንች ማሳው ይሰፋል። እዚያ ጋ አንድ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ክረምት ጠዋት ላይ ጉም ይውጠዋል። ዳገቱ አልቆ ትንሽዬዋ ሜዳ ልትጀምር ስትል ቮልሷን ጉልበቷ ይከዳታል። ቀጥሎ ትስላለች። ቤንዚን ስረግጥ ይባስ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ጸጥ።

ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እሺ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ልጆች ብቅ ይላሉ። ገሳ የለበሱ እረኞች ናቸው። መጀመሪያ ከብቶቹን ከመንገድ ያወጣሉ። ከዚያ ማን በየት በኩል እንደሚገፋ ይከራከራሉ። ትልቁ ልጅ ቦታ ቦታ ያስይዛል። ሁሉም ሲዘጋጅ "እንግፋ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረግጬ እጠብቃለሁ። ይገፋሉ። እለቀዋለሁ። ትነሣለች። "ሆ!" ይላሉ። ቀሪውን መንገድ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ እየበረረች ትወጣለች።

ይህ የሆነው በ2003 ክረምት ነው። አንድ ቀን ቢሆን ባልገረመኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ነበር የሚደጋገመው። ዓርብ ከሰዓት ስመለስ ግን አንድም ቀን ጠፍታብኝ አታውቅም።

ቮልሷን የገዛሁት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ባሕር ዳር ነው። የ1970 ሥሪት ነች፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሞተሯ 1300 ነው። ሊብሬዋ ላይ ከእኔ በፊት አራት ሰው ተጽፏል። ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። የጎደለውን እናቴ ሞላችልኝ። 45 ሺህ ብር። በቤታችን ከአያቴ በቅሎ ወዲህ መጓጓዣ የገዛ ሰው አልነበረም። ያኔ ረቡዕ ገበያ በኩል አዋላጅ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። ሰኞ እወጣለሁ፣ ዓርብ ወደ እናቴ ቤት እወርዳለሁ። በእንጨት ጫኝ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ሰልችቶኝ ነበር።

ሻጩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ገንዘቡን ቆጠሩ። ቁልፉን ግን ወዲያው አልሰጡኝም። ወደ ኋላ ወስደው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ።

"ልጄ፣ ይህቺን ቺንጋ እያት" አሉኝ። "ሁለት ሥራ ነው ያላት። ዲናሞውንም እሷ ናት የምታዞረው፣ ማራገቢያውንም እሷ ናት። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም። የሚያበርዳት ነፋስ ብቻ ነው። ቺንጋዋ ስትበጠስ እፊትሽ ቀይ መብራት ይበራል። አንዳንዱ ሌላ መኪና ቢሆን ባትሪው እስኪያልቅ ትሄጂ ነበር። እዚህ ግን ባለሽበት ቁሚ። ሁለት ኪሎ ሜትር ልጨምር ካልሽ ሞተሯን ትቀብሪያታለሽ።"

ከዚያ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀበሉኝ። አንድ አዲስ ቺንጋ፣ አንድ የ21 ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ወሬ ነበር። ያን ፌስታል ከፊት ወንበር ሥር አስገባሁትና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጉዞ ጀመርን። ወደ 265 ኪሎ ሜትር።

ቀኑ ጥር 23 ነበር፣ ጊዮርጊስ። እንጅባራ ስንደርስ መንገዱ በፈረስ ተሞልቷል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። አባቶች ወደ ዓድዋ የዘመቱባቸውን ፈረሶች ያስቡበታል። ፈረሶቹ በቀለም ያሸበረቀ ዕቃ ተጭኖባቸው፣ ፈረሰኞቹ ዘንግ ይዘው ግራ ቀኙን ያልፉናል። እኔ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ነው። አንድ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ላይ ጎንበስ ብለው በመስኮቴ አዩኝ። "ይህችስ ዳለቻ ናት" አሉ፣ ግራጫ ቀለሟን አይተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ዳለቻ ሆነ።

ዳለቻ ቡሬን አልፈን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንወርድ ቀይ መብራቷን አበራች።

ቆምኩ። ወንድሜ "ትንሽ እንሂድና ከተማ እንድረስ" አለኝ። እምቢ አልኩት። ወርደን ስናይ ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሥር ተንጠልጥላለች። ከማሳው ዳር አንድ ገበሬ መጡ። በሬዎቻቸውን ጥላ ሥር ትተው ነው የመጡት። ጎንበስ ብለው አዩና "ምራኗ ነዋ የተበጠሰው!" አሉ። ሞፈርና ቀንበር የሚያያይዘው ጠፍር ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ምራን ሲበጠስ በሬው ደኅና ነው፣ ማረሻውም ደኅና ነው፤ ሥራው ግን ይቆማል። እኚያ ሰው መኪና ነድተው አያውቁም። የቺንጋን ነገር ግን ከእኔ ቀድመው ተረዱት።

እሳቸው በካቻቢቴው ዘዋሪው እንዳይዞር ያዙልኝ፣ እኔ በ21 ቁልፍ ፈታሁ። የዲናሞው ዘዋሪ ለሁለት የሚከፈል ነው። በመሃሉ ሳሳ ያሉ የብረት ቀለበቶች አሉ። ቺንጋ ሲላላ ቀለበት ከመሃል እያወጡ ከውጭ ያደርጋሉ፤ ያኔ ይጠብቃል። ሰውዬው ቺንጋዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ "አሁንም ላላ ብላለች... በቃ፣ አሁን ደግ ናት" እያሉ ልኩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስንለያይ "አይዞሽ እታለም፣ ታደርስሻለች" አሉኝ። እጄ በቅባት ጠቁሯል። ደስታዬን ግን አሁንም አስታውሰዋለሁ። መኪና የገዛሁት ባሕር ዳር ነው። ባለመኪና የሆንኩት እዚያ ማሳ ዳር ነው።

እናቴ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ተቀበለችን። ዳለቻን ዞራ ዞራ አየቻት። ኋላ ወንበር ላይ ልትቀመጥ በሩን ከፈተችና ቆም አለች። "ጃንሆይን የወሰደቻቸው እንዲህ ያለችው ናት" አለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ኋላ ወንበር ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ወሬው ደብረ ማርቆስ ሲደርስ አያቴ ምን እንዳሉ፣ የት ቁጭ እንዳሉ ሳይቀር ታስታውሳለች። በዳለቻ ኋላ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም። ሁልጊዜ ከፊት፣ ከጎኔ ናት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቮልስ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ባልቮላ እያሉ ይቆጥሩልኛል። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። እኔ የማኅፀንና የልብ ክፍሎችን በላቲን ተምሬያለሁና የእሳቸውን ቃላት መያዝ አልከበደኝም።

ያቀራረበን ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀን ሞተሯን አስነሥተው ረጅም ካቻቢቴ አነሡ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደንግጬ ቀረሁ። እኔም እኮ ሥራዬ እንዲሁ ነው። ከእናትየዋ ሆድ ላይ የቀንዱን ማዳመጫ አስደግፌ፣ ጆሮዬን ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የልጁን ልብ ምት እፈልጋለሁ። ጋሼ ጨርሰው ቀና ሲሉ ነገርኳቸው። ሳቁና ካቻቢቴውን ሰጡኝ። "እንግዲያ አንቺው አዳምጪ።"

አዳመጥኩ። ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። "ይህ ምንድነው? ተበላሽቷል?" አልኳቸው።

"እሱ ባልቮላ ነው፣ የሲሊንደሩን አፍ የሚከፍተውና የሚዘጋው። ሲያወራ አትፍሪው፤ ዝም ሲል ፍሪው" አሉ። "ትንሽ ክፍተት ካለው ይንኳኳል፣ ግን በደንብ ይዘጋል። ክፍተቱ ካለቀ ድምፁ ይጠፋል። ያኔ ሳይዘጋ ይቀርና እሳት ይበላዋል። ደግሞ ሦስተኛዋን ሲሊንደር አደራ። የዘይት ማቀዝቀዣው እፊቷ ቆሞ ነፋሷን ስለሚከለክላት ከእህቶቿ ይበልጥ ትግላለች።"

ያን ዓመት ሙሉ ጸጥታን መፍራት ተማርኩ። ሥራ ላይማ ድሮም እፈራዋለሁ።

ጥቃቅኑን ነገር በፍጥነት ልናገር። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በሞተር አይደለም። ከፊት በተኛው ስኮርታ ጎማ አየር ነው። ዘጊው አርጅቶ ስለነበር መስታወት ባጠብኩ ቁጥር ስኮርታዬ ይተነፍሳል። ይህን ያወቅሁት ጎማ ፈንድቶብኝ ስኮርታውን ሳወርድ ነው፤ እንደ እንጀራ ተኝቷል። የቤንዚን መለኪያው ዳገት ላይ ሌላ፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ ይናገራል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የማምነው። ጭቃ ላይ ግን ወደር የላትም። ሞተሯ ከኋላ የሚዞሩት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። በክረምት ዋልካው አፈር ላይ ትልልቁ መኪና ሲዋኝ ዳለቻ ቀስ ብላ ታልፋለች።

የሚያዝያ ነገር ግን በፍጥነት አይታለፍም።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ የዕቃ ዝርዝር ጽፈው አዲስ አበባ ሰደዱኝ። ሶማሌ ተራ። የፍሬን ሸራ፣ የበር ጎሚኒ፣ ሁለት ቺንጋ፣ እና ለካርቡራቶሩ ከነበራት ጠበብ ያለች የቤንዚን ማሳለፊያ። የመጨረሻዋን ለምን እንደፈለጓት አልገባኝም ነበር። ሁሉም ተገኘ። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መለዋወጫዋ እንዲህ በቀላሉ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስመለስ ጎሃ ጽዮን የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ከዚያ እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወርዶ መውጣት። ጋሼ "በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ" ብለውኛል። ሁለተኛ አስገብቼ ሞተሩ እንዲይዘኝ ተውኩት። ፍሬን የምነካው ለጠመዝማዛው ብቻ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም እንደ ጨርቅ ታጥፏል። ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና የፍሬን ሸራው ሽታ ይመጣል። ዝንጀሮዎች ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ጆሮዬ ይደፈንና ይከፈታል። ሙቀቱ በወለሉ በኩል ይገባል።

ታች ደረስኩ። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ከነገመዶቹ፣ ጎኑ ላይ አሮጌው የኮንክሪት ድልድይ። ድልድዩን ተሻግሬ ማርሽ ስቀይር አንድ ነገር ታወቀኝ። ዳለቻ ጉልበት አግኝታለች። ይህን ያህል ስትስብ አይቻት አላውቅም። ድምፅዋ ራሱ ወፍሯል። በዚያ ሙቀት ትደክማለች ብዬ ስፈራ እሷ ብርታት አወጣች። ቤቷ የገባች ይመስላል።

ብርታቱ ብዙ አልቆየም። ወደ ደጀን ስወጣ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ይቆራረጥ ጀመር። ጠፋ። አንድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ቆመና ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማዬ ሥር ታኮ አደረገልኝ። "ቤንዚንሽ ፈልቷል" አለኝ። የቤንዚን ጋኗ ከፊት ነው፤ ሞተሯ ከኋላ። ቤንዚኑን የሚስበው ፓምፕ ያለው ሞተሩ ጋ ነው። ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ሻሼን ፈትቼ በጀሪካን ውሃ አራስኩትና ፓምፑ ላይ ጠመጠምኩት። ረዳቱ "ዲስትሪቢዩተሩን ውሃ እንዳይነካው!" እያለ ከላይ ይቆጣጠረኛል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ተነሣች። ደጀን እስክወጣ ሻሼ ሁለት ጊዜ ደርቆ ሁለት ጊዜ ረጠበ።

ስለ ጉልበቷ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። "ሞተሩ የሚተነፍሰው አንቺ የምትተነፍሺውን ነው" አሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድልድዩ ግን ከ1,000 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። እኛ ከተማ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ይቀላል። አርባ የፈረስ ጉልበት ናት የምትባለው ቮልስ እዚህ ሠላሳ ገደማ ብትሆን ነው። ቤንዚኑ ግን እንደ ቆላው ልክ ይፈስሳል። ያላገኘውን አየር እየጠበቀ ሳይቃጠል ይቀራል። ለዚያ ነው ካንዴላዎቿ ሁልጊዜ በጥላሸት የሚጠቁሩት። ጋሼ ጠበብ ያለችውን ማሳለፊያ የፈለጉት ለዚህ ነበር። ዳለቻ ባሕር ዳር ላይ፣ ለባሕር ዳር ነው የተስተካከለችው። እኔ ደጋ ይዣት ወጣሁ። ማንም አልነገራትም።

ከዚያ በፊት በጎጃም መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአውቶቡስ፣ ግማሹን መንገድ በእንቅልፍ። ደምበጫ ከጅጋ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አስቤው አላውቅም። አሁን በማርሽ አውቀዋለሁ። የት ሦስተኛ እንደምትለምን፣ የት አራተኛ እንደምትችል። አገሬን እግሬ ፔዳል ላይ ሆኖ ነው የተማርኩት።

ማሳለፊያዋ ተቀየረች። ሚኒሞው፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ፣ ተስተካከለ። የበሩ ጎሚኒ ሲገባማ በሩ አልዘጋ አለኝ፤ ውስጡ ያለው አየር መውጫ አጥቶ ይመልሰዋል። መስኮቱን በጣት ልክ ዝቅ አድርጌ መዝጋት ለመድኩ። ሁሉ ነገር ጥሩ ሆነ ብዬ ሳመሰግን ክረምት ገባ። ያ ዳገት መጣ።

መጀመሪያ ሰኞ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሰኞ ፑንቲና አስቀየርኩ። ጋሼ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ፓምፑን ቀየሩ። በሳምንቱ ካርቡራቶሩን ፈተው አጠቡ። ገንዘብ ከፈልኩ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከጉሙ ወጡ። ጋራዥ ስትደርስ ሁልጊዜ ደኅና ናት። ሆዴን አመመኝ ብላ መጥታ ሐኪም ፊት ስትቀርብ እንደሚተዋት ሴት።

ጋሼ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። በየት ሰዓት? ጠዋት። ጉም ነበር? ሁልጊዜ። ፀሐይ ወጥቶ የጠፋችበት ቀን አለ? አስቤ አጣሁ። ስንት ደቂቃ ቆይታ ትነሣለች? ልጆቹ ሲገፏት። "እሱን አልጠየቅሁሽም። ከጠፋች እስከምትነሣ ስንት ደቂቃ ነው?" አላውቅም። አሥር ይሆናል።

"እንግዲያ መኪናዋን አታምጪልኝ" አሉ። "ቦታውን አሳዪኝ።"

የነሐሴ ሰኞ ነበር። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀመጡ። ጉሙ የጨሞጋን ወንዝ እንደተሻገርን ጀመረ። ምንም አላሉም። ያዳምጣሉ። ዳገቱ ላይ ስትስል እጃቸውን አነሡ፤ ሰማሁት ለማለት ያህል። ጠፋች። ከእኔ ቀድመው ወርደው የኋላውን ክዳን ከፈቱ።

"ነይ፣ ቶሎ። ሳይሄድ ንኪው።"

ከካርቡራቶሩ ሥር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደውን ቧንቧ ነካሁት። እጄን መልሼ ሳብኩ። በረዶ ነው። ሞተር ውስጥ፣ ማርሚታው በሚያቃጥልበት ቦታ፣ ቧንቧው ላይ ነጭ አመዳይ ተጋግሯል።

"መርፌ ከመውጋትሽ በፊት አልኮል ስትቀቢ ሰውየው ምን ይልሻል?"

"ቀዘቀዘኝ ይላል።"

"ቤንዚንም እንዲያ ነው። ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ቧንቧውን ያቀዘቅዘዋል። ደረቅ አየር ቢሆን ምንም አይደለም። ይህ ጉም ግን ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ገብቶ ይረጋል። ጉሮሮዋ ይዘጋል።"

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አሳዩኝ። ጎኑ ላይ ባዶ አፍ አለ። ከሞተሩ ጎን ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣ ተጣጣፊ ቱቦ የሚገጠምበት ነው። ቱቦው የለም። ባሕር ዳር ማን ምን ያደርግበታል? ሙቀት ሞልቷል። አንዱ ባለቤት ጥሎታል። ቧንቧውን ከሥር እንዲያሞቅ ጭስ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ደግሞ አለ። እሱም ከዓመታት ጥላሸት ተደፍኗል። ሁለቱም ማሞቂያዎቿ ጠፍተው ነበር። ጋራዥ ሄደን ስንከፍታት በረዶው ቀልጧል፤ ምልክት አይቀርም። ዓርብ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ ፀሐይም አለ።

"ምንም አልተበላሸባትም ማለት ነው" አልኳቸው።

"ብርድ መታት። ሌላ ምን አላት?"

ልጆቹ መጥተው ዙሪያችንን ቆመው ነበር። ትልቁ "እንግፋ?" አለ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ "ግፉ" አሉ። ተነሣች። ልጆቹ "ሆ!" አሉ። ጋሼ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "ሳይገፉም ትነሣ ነበር" አሉኝ። ለካ ሲከራከሩ፣ ቦታ ቦታ ሲይዙ፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ በረዶውን ያቀልጠው ነበር። ያን ሁሉ ክረምት ያስነሣት ጊዜው ነው።

ቅዳሜ ጋሼ ቧንቧውን አወረዱ። በእሳት አግለው፣ የአሮጌ ፍሬን ሽቦ እያስገቡ ጥላሸቱን ጠረጉ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ቱቦም ከሌላ መኪና አገኙላት። ገንዘብ ስሰጣቸው ግማሹን መለሱልኝ። "ያኛው ጋራዥ የወሰደብሽ ይበቃል።"

በሚቀጥለው ሰኞ ጉሙ ከመቼውም የባሰ ነበር። መብራት አብርቼ ነው የወጣሁት። ዳገቱ ላይ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ሳሉን እጠብቃለሁ። የለም። ቲክ ቲክ ቲክ ይላል ባልቮላው። ሞተሩ ዳገቱን እኩል እየረገጠ ይወጣል። ጠመዝማዛው አለቀ። ሜዳዋ ላይ ደረስኩ። አላመንኩም፤ ጮክ ብዬ "ዳለቻ!" አልኩ ብቻዬን።

ከዚያ ልጆቹን አየኋቸው። የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ያውቁታል። ከብቶቹን አስቀድመው ከመንገድ አውጥተዋል። ስድስቱም ዳር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ትልቁ ልጅ እንደማልቆም ሲያይ ትንሽ ከጎኔ ሮጠ። ከዚያ ቆመ። በመስታወቱ አየሁት። ገሳው በጉሙ ውስጥ እየደበዘዘ ነው።

ዳር ያዝኩ። ቁልፉን መለስኩ። ሞተሩ ጠፋ።

እየሮጡ መጡ። ትልቁ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ መደበ። ትንሹ እንደ ልማዱ መሃል ይሁንልኝ አለ። ተከራከሩ። ተስማሙ። እጆቻቸው የዳለቻ ጀርባ ላይ ሲያርፉ ተሰማኝ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ።

"እንግፋ?" አለ ልጁ።

"ግፉ" አልኩት።